በቁጥብ ገንዘብ ያማረ ሠርግ፦ ከእንግዳ ቆጠራ እስከ ዕቃ መመለስ

ሠርግ ላይ ገንዘብ የሚያልቀው ብዙዎች እንደሚመስላቸው በቬሎና በአበባ አይደለም፤ በወንበር ነው። አንድ እንግዳ ሲጨመር የሚጨመረው አንድ ሳህን ምግብ ብቻ አይደለም። ወንበሩ፣ ብርጭቆው፣ የጠረጴዛው ጨርቅ ድርሻ፣ መጠጡ፣ የጥሪ ካርዱ፣ የአስተናጋጁ ጉልበት አብረው ይመጣሉ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደግሞ አዳራሹም ይሰፋል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሠርግ ዕቅዱ ከስም ዝርዝር ይጀምራል። መጀመሪያ አዳራሽ ተይዞ፣ ካርድ ታትሞ፣ ከዚያ ስለ ቁጠባ መነጋገር፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ነው።

1. በእጅ ያለውን ገንዘብ መቁጠር

ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ አሁን የተቀመጠውን፣ እስከ ሠርጉ ቀን በየወሩ በእርግጥ ልታስቀምጡ የምትችሉትን፣ ቤተሰብ ቃል የገባውን። የቤተሰቡን ስትጽፉ መጠኑንና ገንዘቡ እጃችሁ የሚገባበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። «እኛም እናግዛለን» የሚል ቃል ቁጥር እስካልወጣለት ድረስ ዜሮ ነው። እገዛው ሁኔታ እንዳለውም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አዳራሹን የከፈለ ወላጅ 40 ሰው የመጥራት መብት አብሮ እንደገዛ ሊሰማው ይችላል። እንግዶች ይሰጣሉ ተብሎ የሚጠበቅ የስጦታ ገንዘብ በፍጹም በዚህ ወረቀት ላይ አይገባም። መቼ እንደሚመጣ እንጂ ስንት እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ከድምሩ ላይ 10 በመቶውን ቀንሳችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ይህ መጠባበቂያ ለተሻለ አበባ ወይም ለተጨማሪ ካርድ አይደለም፤ ለመጨረሻው ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ያልተቆጠረ ወጪ መምጣቱ አይቀርም፦ የዕቃ ማመላለሻ፣ የጽዳት ክፍያ፣ የተጨማሪ ሰዓት ሂሳብ፣ የሠራተኞች ምሳ።

2. የእንግዳው ቁጥር

ወጪዎችን ለሁለት ክፈሉ። ቋሚ የሚባሉት 50 ሰው ቢመጣም 200 ሰው ቢመጣም የማይለወጡት ናቸው፦ ቬሎ፣ ሱፍ፣ ቀለበት፣ ፎቶ አንሺ፣ ሙዚቃ፣ የሙሽሮች መቀመጫ ጌጥ። ሌላው በእያንዳንዱ ሰው የሚባዛው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ መጠባበቂያውንና ቋሚውን ወጪ ቀንሱ፤ የቀረውን ለአንድ ሰው በሚወጣው አካፍሉ።

ለምሳሌ ያላችሁ ገንዘብ 1,000 እጅ፣ ማለትም 1,000 እኩል ክፍል ነው እንበል። 100 እጅ መጠባበቂያ፣ 360 እጅ ቋሚ ወጪ ቢሆን 540 እጅ ይቀራል። ለአንድ ሰው 6 እጅ የሚወጣ ከሆነ 90 ሰው መጥራት ትችላላችሁ። «ከ150 በታች አይሆንም» ካላችሁ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 3.6 ብቻ ነው፤ ማለትም ምግቡና መጠጡ ወደ ግማሽ የተጠጋ ቅናሽ ሊደረግበት ነው። ሁለቱም ምርጫ ነው፤ ሳይመርጡ መሄድ ግን ዕዳ ነው።

ስሞቹን በሦስት ዓምድ ጻፉ። በመጀመሪያው እነሱ ከሌሉ ሠርጉ ሠርግ የማይሆንባቸው። በሁለተኛው ባለፈው አንድ ዓመት በአካልም በስልክም በቁም ነገር የተነጋገራችኋቸው። በሦስተኛው በይሉኝታ የሚጠሩት። ገንዘቡ የሚፈሰው በሦስተኛው ዓምድ ነው፤ ሲቆረጥም ሙሉ ዘርፍ ሆኖ ይቆረጥ። ከመሥሪያ ቤት ማንም ካልተጠራ ማንም አይቀየምም፤ ከአሥር ባልደረባ አራቱ ከተጠሩ ግን ስድስቱ ይቀየማሉ። 20 ሰው መቀነስ ባለ 10 ሰው ጠረጴዛ ከሆነ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ጨርቅ፣ ሁለት የመሀል ጌጥ፣ 20 ወንበር፣ 20 ሰው የሚበላው ምግብ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚያተርፍ ሌላ ቁጠባ አይገኝም።

ስትቆጥሩ ባለትዳሮችን ሁለት ብላችሁ ቁጠሩ፤ ልጆችን አትርሱ። ፎቶ አንሺው፣ ሙዚቀኞቹና ሾፌሮቹም ይበላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሰው ይሆናሉ።

ይሉኝታውን ጨርሶ መዝለል ለማይቻልበት ቤተሰብ አንድ መውጫ አለ፦ ዝግጅቱን ለሁለት መክፈል። ሥነ ሥርዓቱና ከዚያ በኋላ ያለው የአንድ ሰዓት ተኩል የመጠጥና የኬክ ግብዣ ለሁሉም ይሆናል፤ ማዕዱ ለቅርብ ሰው ብቻ። ይህ የሚሠራው ሁለቱ በቦታ ወይም በሰዓት በግልጽ ከተለያዩ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ግማሹ ወደ ምግብ ሲገባ ግማሹ «ደህና ዋሉ» ከተባለ ያ ቅሬታ ለዓመታት ይቆያል። ካርዱ ላይ የሚያበቃበትን ሰዓት ጭምር ጻፉ።

ካርድ የሚቆጠረው በቤት እንጂ በሰው አይደለም፤ ለ90 እንግዳ 50 ገደማ ካርድ ይበቃል። ከዚያ ላይ 10 ትርፍ አሳትሙ፤ በኋላ ጥቂት ካርድ ለብቻ ማሳተም በአንዱ ሲሰላ በጣም ይወደዳል። በስልክ የሚላክ ካርድ ለወጣቱ፣ የታተመው ለትልልቅ ሰዎች ቢሆን ወጪው ይቀላል። የመልስ መስጫው ቀን ከሠርጉ 3 ሳምንት በፊት ይሁን። መልስ ላልሰጠ ሰው ደውሉ፤ ዝምታን «ይመጣል» ብሎ መቁጠር ባዶ ወንበር መክፈል ነው፣ «አይመጣም» ብሎ መቁጠር ደግሞ ምግብ ማሳጠር።

3. ቀኑ

የሠርግ ወቅት ባልሆነ ወር፣ ወይም ሰው በማይሻማበት የሳምንቱ ቀን ዋጋ ይወርዳል። አዳራሹ ብቻ አይደለም፤ ፎቶ አንሺውም ዲጄውም ባዶ ቀናቸውን መሙላት ስለሚፈልጉ ለድርድር ይለሳለሳሉ። ሰዓቱም ዋጋ አለው። በምሳና በእራት መካከል የሚደረግ ግብዣ ላይ ሰው ሙሉ ማዕድ አይጠብቅም። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ከመጀመሪያው ዓምድ አምስት ሰዎችን ጠይቁ፤ በርካሽ ቀን ተደርጎ እናት ወይም የልብ ጓደኛ የቀረበት ሠርግ አልረከሰም።

4. አዳራሽ፦ ርካሹ ውድ የሚሆንበት

ባዶ አዳራሽ በግማሽ ዋጋ ሲገኝ ያስደስታል። ከዚያ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ጨርቅ፣ ሳህን፣ ጀነሬተር፣ ጥበቃ፣ ጽዳትና ማመላለሻ ለየብቻ ሲከራዩ ሙሉ ዕቃ ካለው አዳራሽ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ስታወዳድሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱና በእያንዳንዱ መስመር «አለ» ወይም «ይህን ያህል ያስከፍላል» ብላችሁ ሙሉ። የሚወዳደረው የመጨረሻው ድምር ነው። ዋጋው ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን ይጨምር እንደሆነ፣ ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ለማስጌጥ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መግባት እንደሚቻል፣ ከሰዓቱ ቢታለፍ በሰዓት ስንት እንደሚጠየቅ በዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ።

ስፋቱን በዓይን አትገምቱ። ተቀምጦ ለሚበላ ሰው 1.2 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ለ90 ሰው በ1.4 ሲሰላ 126 ካሬ ነው። ከእንግዶቹ 30 ያህሉ በአንድ ጊዜ ቢጨፍሩ በግማሽ ካሬ 15፤ ለቡፌ፣ ለሙዚቃና ለሙሽሮች 30 ብትጨምሩ 170 ገደማ ይመጣል። ከዚህ እጅግ የሚበልጥ አዳራሽ መያዝም ስህተት ነው። በ300 ካሬ ውስጥ የተቀመጡ 90 ሰዎች የቀሩ እንግዶች ያሉ ያስመስላሉ፤ ባዶውን ለመሸፈንም መጋረጃና አበባ ይጨመራል። ጥጋት ድረስ በሰው የሞላ መጠነኛ ክፍል ያለ ጌጥም ይሞቃል።

ቦታውን ሠርጉ በሚደረግበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ሙሽሮቹ ከኋላቸው መስኮት ይኖር እንደሆነ (ካለ ፎቶው ላይ ፊታቸው ይጨልማል)፣ ዝናብ ቢመጣ ከቤት ውጭ ያለው ሰው የት እንደሚገባ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው መብራት ነው። በ220 ቮልት ባለ 16 አምፒር መስመር የሚችለው 3,500 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 1,500 ዋት የሚስቡ ሁለት የምግብ ማሞቂያዎች ብቻ 3,000 ይወስዳሉ። በዚያው መስመር የውሃ ማፍያና የድምፅ መሣሪያ ከተሰካ የመስመሩ መቁረጫ (ብሬከር) ይወርድና ንግግሩ መሀል ላይ ሙዚቃም መብራትም ይጠፋል። የአዳራሹን ኃላፊ የትኛው ሶኬት በየትኛው መስመር እንደሆነ ጠይቁ፤ የወጥ ቤቱና የሙዚቃው መስመር ይለያዩ።

5. ውል

በቃል የተስማሙበት ነገር ሁሉ በወረቀት ይስፈር፣ ዘመድ ቢሆንም። ቀኑ፣ የሚመጣበትና የሚሄድበት ሰዓት፣ የዕቃው ቁጥርና ዓይነት፣ ሙሉ ዋጋው፣ ከፋዩ ቢሰርዝና አቅራቢው ቢሰርዝ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ቀብድ ከ30 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቀሪው በየደረጃው ይከፈል፣ የመጨረሻው ክፍያ ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ። ሙሉውን ቀድሞ የተቀበለ ሰው የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ያዙ። ዋጋ ስትደራደሩ «ቀንሱልን» ከማለት «ይህን ብናስቀር ስንት ይሆናል?» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጥራት በድብቅ እንዲቀነስ ያደርጋል፤ በሁለተኛው ግን ምን እንደቀረ ታውቃላችሁ።

6. ምግብና መጠጥ

ዓይነት ማብዛት አያጠግብም፤ ያባክናል። ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ሰው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ያነሳል፣ ሳህኑ ላይም ይተዋል፤ ወጥ ቤቱም ለእያንዳንዱ ትርፍ ያበስላል። በደንብ የተሠራ አራት ወይም አምስት ዓይነት ከአሥራ ሁለት መካከለኛ ይበልጣል። ጾምም ሆነ በጤና ምክንያት የማይበላ ሰው እንዳይቸገር ከነዚህ አንዱ ወይም ሁለቱ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ ይሁኑ።

ለአንድ አዋቂ በድምሩ ከ450 እስከ 550 ግራም የተዘጋጀ ምግብ ይበቃል። በቡፌ ከሆነ 10 በመቶ ጨምሩ፣ ምክንያቱም ሰው ራሱ ሲያነሳ ያበዛል። የቡፌ ጥቅሙ አስተናጋጅ መቀነሱ ነው፤ ለ25 ወይም 30 ሰው አንድ አስተናጋጅ ይበቃል፣ በየጠረጴዛው ሲቀርብ ግን ለ10 ወይም ለ15 ሰው አንድ ያስፈልጋል። ውዱን ምግብ እንግዳው ራሱ አያንሳ፤ አንድ ሰው ቆሞ በጭልፋ ይስጥ። በሰልፉ መጀመሪያ ርካሹና አጥጋቢው ይቀመጥ፣ ውዱ መጨረሻ ላይ ይሁን። በ28 ሴንቲ ሜትር ሳህን ፋንታ 24 መጠቀምም ሳይታይ ይቆጥባል። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቃችሁ ሰው በሁለቱም በኩል እንዲያነሳ ካደረጋችሁ የሰልፉ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል።

የመጠጡ ስሌት፦ በመጀመሪያው ሰዓት ለአንድ ሰው ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ። ዝግጅቱ 4 ሰዓት ከቆየ ለሰው 5 ብርጭቆ፣ ለ90 ሰው 450 ነው። ብርጭቆው ሩብ ሊትር ከሆነ 112 ሊትር ገደማ፤ ቢያንስ ሲሶው ውሃ ይሁን። ወይን ካለ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። ያልተከፈተው እንዲመለስ ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ ግዙ፤ ይህ ከሆነ ትንሽ ማስበለጥ አያስፈራም። በረዶ ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ያዙ።

ምግቡ በዘመድ እጅ የሚሠራ ከሆነ ብዙ ገንዘብ ይተርፋል፤ አደጋውም እዚህ ነው። ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፤ በመካከሉ ባለው ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ምግብ ለእንግዳ አይቀርብም። ማታ በትልቅ ድስት የበሰለ ምግብ ተከድኖ ካደረ መሀሉ እስኪነጋ ለብ ብሎ ይቆያል፣ የሚበላሸውም ከዚያው ነው። ገና ትኩስ ሳለ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ትሪዎች ላይ ገልብጡት፣ ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፣ በማግስቱም እስኪፈላ አሙቁት። የሚያበስሉት ሰዎች ከቅርብ ቤተሰብ ባይሆኑ ደግ ነው። እናት በሠርጉ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ከዋለች ያ ቁጠባ አይደለም።

ኬኩ ለፎቶ ትንሽ፣ ለመብል ሌላ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ ፎቅ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 15 እና 20 የሆነ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ኬክ በሠርግ አቆራረጥ 36 ሰው ያዳርሳል። ለተቀረው ሰው ያው ጣዕም ያለው ጌጥ የሌለው ጠፍጣፋ ኬክ ከጓዳ ተቆርጦ ይምጣ፤ ከጌጠኛው በብዙ ይረክሳል፣ ሳህን ላይ ሲቀርብ ልዩነቱ አይታወቅም።

7. ጌጥና ብርሃን

በየቦታው ትንሽ ትንሽ ጌጥ መበተን ያደኸያል። ሦስት ቦታ ምረጡና እነዚያን ሙሉ አድርጓቸው፦ መግቢያው፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ፣ የጠረጴዛው መሀል። ፎቶ ላይ የሚቀሩት እነዚህ ናቸው። ሁለት ቀለምና እነሱን የሚያለዝብ አንድ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ ከዚያ በላይ አይጨመር።

ከአበባ ቀድሞ ብርሃን ይግዛ። ነጭ ቀዝቃዛ የጣሪያ መብራት የትኛውንም ጌጥ የቢሮ ያስመስላል። እሱን አጥፍቶ ወይም ቀንሶ ቢጫ ያዘለ፣ 2,700 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት አምፖል በገመድ መዘርጋት ክፍሉን ይለውጠዋል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ትንንሽ የቆርቆሮ ሻማዎች 4 ሰዓት ገደማ ይነዳሉ፤ በብርጭቆ ውስጥ ይሁኑ፣ መጋረጃና ጨርቅ አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጡ።

የጠረጴዛ ጨርቅ ስትከራዩ ልኩን አስሉ። 150 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ክብ ጠረጴዛ 8 ሰው፣ 180 ያለው 10 ሰው ያስቀምጣል። ቁመቱ 75 ከሆነ መሬት የሚነካ ጨርቅ ለመጀመሪያው 300፣ ለሁለተኛው 330 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። የአጠረ ጨርቅ የጠረጴዛውን እግር ያጋልጣል፣ ያን ጊዜ ስንት አበባ ቢቀመጥበት አያምርም።

አበባውን ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት ይግባ። ግንዱን በሰያፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አንሱ (የሚበሰብሰው እሱ ነው፣ ውሃውን ያገማል)፣ በንጹሕ ባልዲ ቀዝቃዛና ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡ። ጽጌረዳ ተከፍቶ እንዲያምር አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ሊሊ ግን እንቡጥ ሆኖ ከመጣ ሦስት አራት ቀን ሊወስድበት ስለሚችል ቀደም ብሎ ይገዛ። ካርኔሽንና ክሪሳንተመም ረክሰው ብዙ የሚቆዩ ናቸው፤ ሰብሰብ ተደርገው አንድ ቀለም ብቻ ሲታሰሩ ማንም ርካሽ አይላቸውም። ሃይድራንጂያ ውሃ ካጣ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል፣ ለእቅፍ አበባ አይመከርም። ቅጠላ ቅጠል በብዛት፣ አበባ በጥቂቱ መሆኑም ነውር የለውም።

8. ቬሎና ቀለበት

ቬሎ መከራየት ወይም አንዴ የተለበሰ መግዛት ትልቁ ቅናሽ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር የሰፋን ማስጠበብ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የደረቱና የትከሻው ቅርጽ ይበላሻል። የጠበበን ማስፋት የሚቻለው ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩ። የማስተካከያውን ዋጋ ከቬሎው ዋጋ ጋር ደምራችሁ አወዳድሩ። የጠርዙ ልክ የሚወሰደው የሠርጉን ጫማ አድርጎ ነው፤ ያለ ጫማ የተለካ ቬሎ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። የመጨረሻው ልክ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ይሁን። ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ልብስ ከማሰፋት አንድ ቀለም ነግሮ እያንዳንዱ የሚያምርበትን እንዲመርጥ መተው ገንዘብም ጠብም ያስቀራል።

18 ካራት ወርቅ 75 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ውስጡ 750 የሚል ምልክት አለው፤ 14 ካራት 585 ይላል። የኋለኛው ይረክሳል፣ ጠንካራም ነው። ዋጋው በክብደት ስለሆነ ወርዱን ከ5 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ማውረድ ብዙ ያተርፋል፤ ከ2 በታች ግን በዓመታት ይሳሳል። ጣት ማለዳና በብርድ ይቀንሳል፣ ወደ ማታ ያብጣል፤ ልኩን ከሰዓት በኋላ ውሰዱ።

9. ፎቶ

እዚህ ላይ ሰዓት ቀንሱ እንጂ ባለሙያ አትቀንሱ። ጥሩ ባለሙያ ለ5 ሰዓት፣ ደካማን ለ12 ሰዓት ከመያዝ ይሻላል። ውሉ ላይ ራሱ ይመጣ ወይም ሰው ይልክ እንደሆነ፣ ስንት የተስተካከለ ፎቶ በስንት ሳምንት እንደሚያስረክብ፣ ፋይሉ በሁለት ቦታ እንደሚቀመጥ ይጻፍ። የቤተሰብ ፎቶ በቡድን 4 ደቂቃ ይወስዳል፤ 10 ቡድን ከሆነ 40 ደቂቃ ነው። ዝርዝሩን ጽፋችሁ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ድምፀ ጎላ ሰው ይጥራ፣ አለበለዚያ አንድ አጎት ለመፈለግ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። የሙሽሮቹ የብቻ ፎቶ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባለው ሰዓት ቢሆን ለብርሃን የሚወጣ ገንዘብ የለም።

10. ሙዚቃ

ዲጄ ካልተቻለ በአግባቡ የተደረደረ የዘፈን ዝርዝርና ኪራይ ድምፅ ማጉያ ይበቃል። ዘፈኖቹ ስልኩ ላይ ይውረዱ፣ በኢንተርኔት ላይ አይታመኑ። ስልኩ ከጥሪ ይዘጋ። ለማይክሮፎኑ አዲስ ባትሪና ትርፍ ባትሪ ያስፈልጋል። መሣሪያውን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ይመደብ፣ እሱም እስከ መጨረሻው ይቀመጥ።

11. ዕለቱና ማግስቱ

ዘመድና ጓደኛ ሲረዳ ለአንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ይሰጥ፣ በጽሑፍ። «ሁላችሁም ተጋገዙ» የተባለበት ሥራ ማንም አይሠራውም። ከሁሉም በላይ የሆነ አንድ አስተባባሪ ይኑር፤ ሙሽራና ሙሽሪት ወይም ወላጆች አይሁኑ። የአቅራቢዎቹ ስልክ፣ የቀሪ ክፍያ ፖስታዎች ከነስማቸውና መቀስ፣ መርፌና ክር፣ ማጣበቂያ ፕላስተር ያለበት ቦርሳ እሱ ዘንድ ይሁን። በእጅ የሚሠሩ ጌጦች ከሠርጉ 10 ቀን በፊት ካላለቁ ይቅሩ፤ ሙሽሪትን እስከ ንጋት ሪባን የሚያስቋጥር ቁጠባ ፊቷ ላይ ይታያል።

የዕለቱን ሰዓት ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ቆጥራችሁ አውጡ፤ በየሁለቱ ክንውን መካከል 15 ደቂቃ ባዶ ይሁን። ፀጉርና ሜካፕ ከተገመተው ሰዓት ያልፋል፤ የዘገየው ሰዓት ደግሞ መጨረሻ ላይ የአዳራሽ ተጨማሪ ክፍያ ሆኖ ይመጣል።

የተከራያችሁትን ዕቃ ስትረከቡ ቆጥራችሁ ተረከቡ፣ የተሰነጠቀውን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ካልሆነ የማስያዣው ገንዘብ ተቆርጦ ይመለሳል። ሲመለስም ያው የተረከበው ሰው ይቁጠር። የተረፈው ምግብ የሚወሰድበት ዕቃ አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ ለማን እንደሚሄድም ይታወቅ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየውን ግን ለማንም አትስጡ። ያልተከፈተውን መጠጥ ከነደረሰኙ በማግስቱ መልሱ፤ ሳምንት ካለፈ ብዙ ሻጮች አይቀበሉም።